ያረጀ ራዲያተር ካምቢዮውን ሳያበላሽ እንዴት እንደሚቀየር

ራዲያተር ሲባል ሁላችንም የሚመጣልን የሞተር ሙቀት ነው። ውሃ ሲጎድል ይሞላል፣ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ይታያል፣ የሙቀት ጌጁ ሲወጣ መኪናው ይቆማል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ ግን ራዲያተሩ ሁለተኛ ሥራ አለው። የካምቢዮውንም ዘይት ያቀዘቅዛል። ይህኛው ክፍል ሲበሳ መሬት ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ፈሳሾቹ እዚያው ውስጥ ለውስጥ ይቀላቀላሉ።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የእንዲህ ዓይነት መኪና ራዲያተር እስኪያፈስ አይጠበቅም፤ በዕድሜው ይቀየራል። የመጀመሪያው ራዲያተር 10 ዓመት ካለፈው እኔ አላምነውም፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም።

ውስጡ ያለው ነገር

የዛሬ ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም፣ ጫፍና ጫፉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ታንክ ነው። በሁለቱ መሃል የጎማ ማኅተም ይገባል፣ ከዚያ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ታጥፎ ታንኩን ይይዘዋል። በአንደኛው ታንክ ውስጥ ከውጭ የማይታይ ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ አለ። የካምቢዮ ዘይት በአንድ ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ዙሪያውን ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ከቦታል። ሁለቱን ፈሳሾች የሚለያቸው አንድ ቀጭን የብረት ግድግዳ ነው።

ያ ግድግዳ ለዓመታት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንቀጠቀጣል። ኩላንቱ በጊዜው ካልተቀየረ ዝገት መከላከያው ያልቅና ብረቱ መበላት ይጀምራል። የዘይት ቱቦዎቹ ከታንኩ ጋር የሚገናኙበት ቦታም ሌላው ደካማ ጎን ነው።

ስንጥቅ ከተፈጠረ በኋላ የሚሆነው ነገር ተንኮለኛ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱ ግፊት ብዙ ጊዜ ከኩላንቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዘይት ወደ ኩላንት ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። የካምቢዮው ፓምፕ ቆሟል፣ ትኩሱ ኩላንት ግን ገና ታምቆ 1 ባር ገደማ ግፊት ይዟል። ያኔ ኩላንቱ ወደ ካምቢዮው ይገፋል። መኪናው ቆሞ፣ እናንተ ቤት ገብታችሁ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ወረቀት መሰል ሽፋን በሙጫ የተለጠፈባቸው ብረቶች ናቸው። ውሃ ሽፋኑን ያሳብጠዋል፣ በኩላንቱ ውስጥ ያለው ግላይኮል ደግሞ ሙጫውን ያላቅቀዋል። የተላጠው ሽፋን ማጣሪያውንና ቀጫጭን የዘይት መንገዶችን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ራዲያተር መሆኑ ይቀርና ስለ ካምቢዮ ማውረድ ይሆናል።

ይህ የጋራዥ ማስፈራሪያ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ፍሮንቲየርና ኤክስቴራ በዚሁ ችግር የታወቁ ናቸው። ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ኩባንያውም የራዲያተሩን ዋስትና አራዝሟል። ግን የአንድ ብራንድ ችግር ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ማቀዝቀዣው ታንክ ውስጥ ያለበት ማንኛውም መኪና ዕድሜው ሲገፋ እዚያው ሊደርስ ይችላል።

መኪናችሁን ይመለከታል ወይ?

ኮፈኑን ከፍታችሁ ራዲያተሩን እዩት። ከሁለቱ ወፍራም የውሃ ቱቦዎች ሌላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከካምቢዮው መጥተው ታንኩ ላይ የሚገቡ ከሆነ ይመለከታችኋል። ከታች በኩል ስለሚሆኑ በባትሪ መብራት ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ማንዋል ካምቢዮ በአብዛኛው ይህ ነገር የለውም። አንዳንድ አውቶማቲኮች ደግሞ ማቀዝቀዣቸውን ካምቢዮው ላይ ለብቻው ይዘውታል፤ እነሱም ኩላንትና ዘይት ስለሚያገናኙ ሥጋቱ አለባቸው፣ የሚቀየረው ዕቃ ግን ራዲያተሩ አይደለም።

ከዚያ ምልክት ፈልጉ። የፕላስቲኩ ታንክ ቡናማ ሆኖ ወይም ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ አውጥቶ ከሆነ አርጅቷል። ታጥፎ በተያዘው ጠርዝ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካያችሁ ቀስ እያለ እያፈሰሰ ነው። የዘይት ቱቦዎቹ መግቢያ ዙሪያ የረጠበ ነገርም ጥሩ ዜና አይደለም።

የውስጡን ለማወቅ ሁለት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛው የኩላንት መጠባበቂያው ነው። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ግድግዳው ላይ ቅባት ከተለጠፈ ተጠራጠሩ። ሁለተኛው የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ነው። ንጹሕ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይና ጥርት ያለ ነው፣ ያረጀው ወደ ቡናማ ይሄዳል። ኩላንት የገባበት ግን ደፍርሶ፣ አረፋ ይዞ፣ እንጆሪ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል። መጠኑም ሳይጨመርበት ከፍ ይላል።

ወተት መሰሉን ነገር በሞተር ዘይት ላይ ካገኛችሁት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማኅተም ነው። ሁለቱን አታምታቱ። ራዲያተር ቀይራችሁ የቴስታታ ችግር አይለቃችሁም።

ዘይቱ ከተበላሸ መኪናውን አትንዱት፤ ምን እንደሚደረግ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ትክክለኛው ጊዜ አሁን ነው።

ዕቃ ስትገዙ

ራዲያተሩን በመኪናው ሞዴል፣ ዓመትና የሞተር ዓይነት ግዙ። ከሁሉም በላይ ለአውቶማቲክ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የማንዋሉ በመልክ አንድ ዓይነት ሆኖ የዘይት ማቀዝቀዣ ላይኖረው ይችላል። ያገለገለ ራዲያተር መግዛት እዚህ ጋ ምንም ትርጉም የለውም። የምትሸሹት ነገር ዕድሜ ነውና፣ የሌላ ሰው ዕድሜ አትግዙ።

አብራችሁ አዲስ ክዳን፣ የላይና የታች የውሃ ቱቦ፣ ክላምፕ፣ ለመኪናው የተፈቀደ ኩላንትና የካምቢዮ ዘይት ያዙ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት አጫጭር የዘይት ጎማዎች ከደረቁ እነሱም ይቀየሩ። የሚገዛው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ጎማ ይሁን። ተራ የውሃ ጎማ ዘይቱንና ሙቀቱን አይችልም።

ስለ ኩላንት አንድ ነገር። ቀለም አይመራችሁም። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ የሚለው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሚታየው በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የኩላንት ዓይነት ነው። ያልተበረዘ ከሆነ በተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ይበረዛል፤ ይህ ውህድ እስከ ‑37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አይረጋም። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ቱቦዎቹ ላይ ይጋገራል።

የካምቢዮ ዘይትም እንዲሁ ነው። ዴክስሮን፣ ማቲክ ኤስ፣ ደብሊው ኤስ፣ የሲቪቲ ዘይት፤ እነዚህ አይተካኩም። መጽሐፉ ያለውን ብቻ ግዙ።

ፍሳሽ የሚደፍን ኬሚካል ራዲያተር ውስጥ ጨምሩ የሚላችሁ አይጠፋም። የውስጡን የዘይት ማቀዝቀዣ ስንጥቅ አስተማማኝ አድርጎ አይደፍንም፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ግን ሊደፍን ይችላል። ተዉት።

ሥራው

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የሚፈነዳው ውሃና እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ጠብቁ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከሥር መግባት ካለባችሁ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ መቆሚያ ብረት ይግባበት።

2. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል፣ እጃችሁ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

3. ሰፊ ሳፋ ከሥር አድርጋችሁ የታችኛውን ማፍሰሻ ክፈቱ፣ ከዚያ ክዳኑን አንሱ። ማፍሰሻው ፕላስቲክ ስለሆነ በፒንሳ አትታገሉት። እንቢ ካለ የታችኛውን ቱቦ ብትፈቱ ይሻላል። የፈሰሰው ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው። ሕፃናትና እንስሳት ሊቀምሱት ስለሚችሉ ወዲያው በሚከደን ዕቃ ውስጥ ክተቱት፣ መሬት ላይ አትድፉት።

4. የላይኛውን ቱቦና ወደ መጠባበቂያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ፍቱ። የተጣበቀ ጎማ በካቻቪቴ አይፈለቀቅም። አዲስ እየገባ ስለሆነ አሮጌውን ጎማ በቢላ ሸንትሩት። በተለይ የሞተሩ በኩል ያለውን አፍ ጠብቁት፤ እሱ አይቀየርምና።

5. የፋኑን ሶኬት ንቀሉ፣ ፋኑን ከነመከለያው ወደ ላይ አውጡ። በአንዳንድ መኪኖች መከለያው በሁለት ተከፍሎ ነው የሚወጣው።

6. አሁን የዘይት ቱቦዎቹ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ታንኩ ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ሌላው የቱቦውን ዳዶ ይፈታል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከጠመዘዛችሁ መገጣጠሚያው አብሮ ዞሮ የውስጡን ማቀዝቀዣ ያጣምማል። በአሮጌው ላይ ግድ የለም ትሉ ይሆናል፤ ግን ስትገጥሙም በዚያው ልማድ ትገጥማላችሁ። ክሊፕ ያለው ዓይነት ከሆነ ክሊፑን አውጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አታወዛውዙት።

ትንሽ ዘይት ይፈሳል። በንጹሕ ዕቃ ተቀብላችሁ መጠኑን ለኩ፤ መጨረሻ ላይ የምትመልሱት ያንኑ ያህል ስለሆነ ይጠቅማችኋል። የቱቦዎቹን አፍ ወዲያው ድፈኑ። ካምቢዮ አቧራ አይወድም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

7. የታችኛውን የውሃ ቱቦ ፍቱ። ጥቂት ኩላንት እዚያ ይቀራል፣ አትደንግጡ።

8. ከፊት ያለው የኤሲ ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ጋር በብሎን ታስሮ ከሆነ ብሎኑን ብቻ ፍቱ፣ በገመድ ወደ አካሉ እሰሩት። የኤሲውን ቱቦዎች አትንኩ፤ ውስጣቸው በግፊት የታመቀ ጋዝ አለ።

9. የላይኞቹን መያዣዎች ፈትታችሁ ራዲያተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። ከታች የሚቀመጥባቸው ሁለት የጎማ ትራሶች አብረው ሊወጡ ይችላሉ። አትጣሏቸው።

10. አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቁመት፣ ውፍረት፣ የቱቦ አፎቹ አቅጣጫ፣ የታች ማረፊያዎቹ፣ የዘይት መገጣጠሚያዎቹ ጥርስ፤ ሁሉም ይመሳሰል። ልዩነት ካለ የሚታወቀው አሁን ይሁን፣ ግማሹ ከገባ በኋላ አይደለም። በአሮጌው ጠርዝ ላይ ያሉትን ስፖንጆች ወደ አዲሱ አዛውሩ። ብዙ ሰው ይጥላቸዋል። ሥራቸው ግን አየሩ በጎን እንዳያመልጥና በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ ከሌሉ መኪናው በተጨናነቀ መንገድ ላይ ይሞቃል።

11. ስታስገቡ አንድ ካርቶን በራዲያተሩ ፊትና አንድ በኋላው አድርጉ፤ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በትንሽ ንክኪ ይታጠፋሉ። የታች ማረፊያዎቹ ትራሶቹ ላይ በትክክል መቀመጣቸውን ነቅንቃችሁ እዩ፣ ከዚያ የላይኞቹን መያዣዎች እሰሩ። ካርቶኖቹን ማውጣት አትርሱ።

12. የዘይት ቱቦዎቹን ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር በጣታችሁ አስጀምሩት። በጣት የማይገባ ዳዶ ጥርሱን ስቷል፤ በቁልፍ አታስገድዱት። ከዚያ በሁለት ቁልፍ፣ የአምራቹ መመሪያ በሚለው መጠን አጥብቁ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ አዲሱን ራዲያተር በመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል። ጎማ ያላቸው ቱቦዎች ላይ ክላምፑ ከአፉ እብጠት ኋላ ይቀመጥ።

13. ፋኑን፣ መከለያውን፣ የውሃ ቱቦዎቹን መልሱ። ማፍሰሻው መዘጋቱን እዩ። ባትሪውን አገናኙ።

ኩላንት መሙላትና አየር ማስወጣት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኩላንቱን በቀስታ ሙሉ፤ በፍጥነት ከደፋችሁት አየር ውስጥ ይታፈናል። የአየር ማስወጫ ብሎን ያለው መኪና ከሆነ ኩላንት ያለ አረፋ እስኪወጣ ክፍት ይሁን። የመኪናውን አፍንጫ ትንሽ ከፍ ማድረግም ይረዳል።

ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነሱ፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ኩላንቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ፣ እንደ መኪናው ዓይነት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። ያኔ የላይኛው ቱቦ ይሞቃል፣ ደረጃውም ዝቅ ይላል፤ ሙሉት። አረፋው ሲያቆምና ከማሞቂያው ሙቅ አየር ሲወጣ ክዳኑን ግጠሙ። ፋኑ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቁ። ዓይናችሁ ከጌጁ አይነሳ። ጌጁ ከተለመደው ቦታ ካለፈ ሞተሩን አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ አየር ተይዟል ማለት ነው።

የካምቢዮውን ዘይት ማስተካከል

የፈሰሰውን ያህል መልሱ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆያችሁ አዙሩት፣ ወደ ፓርክ መልሱ። መለኪያ ዘንግ ያላቸው ብዙ መኪኖች ዘይታቸው የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሆንዳ ብዙ ሞዴሎቹ ላይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይለካ ይላል። ዘንግ የሌላቸው ደግሞ ከሥር ባለ ብሎን፣ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ነው የሚለኩት። መሣሪያው ከሌላችሁ ይህቺን ክፍል ብቻ ለመካኒክ ስጡ። የጎደለ ዘይት ካምቢዮውን ያንሸራትተዋል፣ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል።

ለአጭር ጊዜ ነድታችሁ ተመለሱ፣ ሁሉንም መገጣጠሚያ በወረቀት ጥረጉና እዩ። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የኩላንቱን ደረጃ ደግማችሁ ተመልከቱ። ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፤ የቀረ አየር ወጥቶ ነው።

ለብቻው ማቀዝቀዣ ማስገባትስ?

አንዳንዶች የራዲያተሩን የዘይት ማቀዝቀዣ ጨርሰው ይተዉትና በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር ከፊት ያስገባሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዘይትና ኩላንት ፈጽሞ አይገናኙም። ከባድ ጭነት ለሚጎትት ወይም በዚህ ችግር ለሚታወቅ መኪና እኔም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ በብርድ ጊዜ ዘይቱን ቶሎ የማሞቅ ሥራም አለው። በጣም ብርዳማ ቦታ የሚነዳ መኪና ላይ ዘይቱ ሳይሞቅ ሊቆይ ስለሚችል ቴርሞስታት ያለው ዓይነት ይፈለግ። መጠኑም ለመኪናው ክብደት የሚበቃ ይሁን።

ዘይቱ ቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነ

መኪናውን አስጎትቱ እንጂ አትንዱ። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ያንን ውህድ ወደ ፍሪሲዮኖቹ ያዳርሰዋል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ራዲያተሩ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ዘይቱ። የዘይት ቱቦዎቹም ከአዲሱ ራዲያተር ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ይታጠባሉ።

ከሥር ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ከዘይቱ ትልቁ ድርሻ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ስለሚቀር አንዴ ሲፈስ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው። ዘይቱ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግሞ መቀየር ወይም በማሽን ማጠብ፣ ማጣሪያውንም መቀየር ያስፈልጋል። የኩላንቱም ወገን ዘይት ስለገባው በተገቢው ማጽጃ ይታጠባል። ዘይት የነካቸው የውሃ ጎማዎች ያብጣሉና እነሱም ይቀየሩ።

ቶሎ ከተደረሰበት ካምቢዮው ሊተርፍ ይችላል። ማርሽ ሲቀይር መንሸራተት፣ ወይም በተረጋጋ ፍጥነት እየሄዳችሁ የጎርባጣ መንገድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ሙጫው መልቀቅ ጀምሯል፣ ማጠብም አይመልሰውም። በዚህ ጊዜ የዘይቱን ትሪ አስፈትታችሁ እዩ። ታች የተጠራቀመው ጥቁር የሽፋን ልጣጭ ከሆነ ተጨማሪ ዘይት አትግዙ፤ ገንዘቡን ለካምቢዮው ጥገና ያዙት።